በማህጁብ በኩል ወደ ዳቡስ

አገርን የሚያያይዘው መንገድ ነው የሚሉ ሰዎች ማህጁብን ስለማያውቁ ነው። መንገድ ክረምት ሲገባ ይቆረጣል። ድልድይን ጎርፍ ይወስደዋል። ኔትወርክ ደስ ሲለው ይመጣል፣ ሲከፋው ይሄዳል። እንዲያም ሆኖ እስካሁን ተበታትነን ያልቀረነው፣ በየከተማው «እዚያማ ሰው አለኝ» የሚል አንድ አንድ ፍጡር ስለተመደበልን ነው። እናንተም ጋ አይጠፋም። ምናልባት የጎረቤታችሁ ባል ነው፤ ምናልባት የሚስታችሁ አጎት፤ ምናልባትም መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ሥራው ምን እንደሆነ በትክክል የማይታወቀው ያ ሰውዬ። የእኛው፣ የአሶሳው፣ ክቡር ማህጁብ ይባላል።

«ሰው አለኝ» ሲባል ማኅተምና የጓሮ በር ትዝ የሚለው አንባቢ ይኖራል። የማህጁብ ሰው እንዲያ ያለ ሰው አይደለም። ከማህጁብ ሰዎች መካከል ወንበሩ የሚሽከረከር አንድም የለም። ዘበኛ ነው፣ ሻይ አፍሊ ናት፣ ፍየል ነጋዴ ነው፣ የሆስፒታል አስታማሚ ሆኖ ሰንብቶ የሄደ ገበሬ ነው። አንድ ጊዜ ነቀምቴ መናኸሪያ ሻንጣዬን ረስቼ አሶሳ ገባሁ። ለማህጁብ ስነግረው ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወደ ጣሪያው ቀና አደረገ፤ ሬዲዮ ጣቢያ እንደሚፈልግ ሰው ትንሽ ቆየና «ነቀምቴ ሰው አለኝ» አለ። ሰውየው ጃንጥላ ጠጋኝ ነው። የማህጁብ አማችና ጠጋኙ ድሮ አንድ ክፍል ውስጥ ታመው ተኝተው ነበር፤ ዝምድናው ይኸው ነው። ሻንጣዬ በማላውቃቸው እጆች እየተቀባበለች መጣች። ደግሞ ከነበረችው ከብዳ ነው የመጣችው፤ መንገድ ላይ አንዱ ለማህጁብ ማር ከቶባታል።

ሌላም ልጨምር። ከሆሳዕና የተመደበ አንድ ወጣት ሒሳብ ሠራተኛ አሶሳ በገባ ዕለት ቤት አጥቶ የማህጁብ ሱቅ ፊት ቆሞ ነበር። ክቡርነታቸው ቤት ፈለጉለት። በዚህ አላበቁም። በማግስቱ ማለዳ ሆሳዕና ውስጥ አንድ የማይታወቅ ሰው የልጁን እናት በር አንኳኩቶ «ልጅዎ በልቶ ተኝቷል፤ እንዳያስቡ» ብሎ ሄደ። እናትየው እስከ ዛሬ መልአክ ነው ትላለች። ልብስ ተኳሽ ነው።

ሱቁ ገበያው መሀል ነው፣ ጨርቅ ይሸጣል። ከፊቱ የቀርከሃ አግዳሚ አለ። አግዳሚው ላይ ሁልጊዜ ሰው አይጠፋም፤ ከተቀመጡት መካከል ጨርቅ ሲገዛ ያየሁት ግን የለም። የሚገዛው ቆሞ ገዝቶ ይሄዳል። አግዳሚው የወሬኛ ነው፣ እኔን ጨምሮ። የማህጁብን ስልክ የስም ዝርዝር ያየሁትም እዚያ ተቀምጬ ነው። ኻሚስ የሚባል ሰው ብዛቱ ለጉድ ነው፦ ኻሚስ ድልድይ፣ ኻሚስ ፍየል፣ ኻሚስ ሳቂታው፣ ኻሚስ አልጋ። «ኻሚስ አልጋ ምን ማለት ነው?» ብለው፣ «አንድ ክረምት አልጋውን ሰጠኝ፣ እሱ መሬት ተኛ» አለኝ። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው የዳቡስን ጉዞ ያቀደልን።

ነገሩ የተነሣው በጉማሬ ጆሮ ነው። ለተማርያም የባዮሎጂ መምህርት ናት። ከደብረ ታቦር ተመድባ መጥታ ስንት ዓመት እዚህ አስተምራለች። በየዓመቱ አጥቢ እንስሳት ላይ ስትደርስ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጉማሬ ትሥላለች፤ በየዓመቱም ከወንዝ ዳር የመጣ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣል። «ቲቸር፣ ጆሮው እንደሱ አይደለም። ያንሳል። ደግሞ ዝም አይልም፣ ይርገበገባል።» በዓመቱ ታስተካክለዋለች፤ ሌላው ይነሣና «ቲቸር፣ አንቺ አይተሽዋል?» ይላታል። አላየችም። ዘንድሮ ዝውውሯ ተፈቀደ። ዕቃዋን ሸክፋ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ልትሄድ ተነሥታለች።

«ምንያህል፣» አለችኝ በስሜ ጠርታ አግዳሚው ላይ፣ «ጉማሬ አገር ኖሬ ጉማሬ ሳላይ ብመለስ አባቴ ምን ይለኛል? በስልክ ስንት ጊዜ ጠይቆኛል። እስካሁን ነገ ነገ እያልኩ ነው የኖርኩት። አሁን ነገ አለቀ።»

እኔም ከሷ አልሻልም። ወላጆቼ ከወሎ በሠፈራ የመጡ ናቸው፤ እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው። ዳቡስን የማውቀው ግን ከድልድይ ላይ፣ ያውም በመኪና መስኮት ነው። ስናልፍ «ይኼ ዳቡስ ነው» ይባላል፤ ዞር ሳንል እናልፈዋለን።

ማህጁብ ጨርቅ እየለካ ይሰማን ነበር። «ዳቡስ ጉማሬ? ሰው አለኝ» አለ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ።

ለተማርያም ተዘጋጅታ ነው የመጣችው። ስልኳን ዘርግታ የሳተላይት ካርታ አሳየችው። አስፋልቱ ይኼ፣ ባምባሲ ይኼ፣ ጥርጊያ መንገዱ የሚገነጠለው እዚህ ጋ፣ ይኼ የሚጠማዘዘው ሰማያዊ ዳቡስ። ማህጁብ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ስልኩን አንዴ አቀረበው፣ አንዴ አራቀው።

«ሰው የታለ?» አለ።

«ካርታ እኮ ነው ማህጁብ። ሰው አይታይበትም።»

«ያ ኡስታዛ፣» አለ፣ መምህርት ማለቱ ነው፣ «ይኼ ለወፍ ነው። ወፍ ከላይ ይሄዳል፣ ማንንም አይጠይቅም። እኛ በቤት በቤት ነው የምንሄደው።»

ከባንኮኒው ሥር የአዝራር ቆርቆሮ አወጣ። አንድ ጣቃ አረንጓዴ ጨርቅ ዘረጋና መደርደር ጀመረ። ነጭ አዝራር፣ «ኻሚስ ሳቂታው፣ ባምባሲ።» ቡናማ አዝራር፣ «ከአስፋልት መውጫ ላይ ሽማግሌው፣ ሼህ አይመን።» የሸሚዝ አዝራር፣ «አብዱልረሂም። ከሱ በኋላ መኪና ቀስ ይላል።» በአዝራርና በአዝራር መካከል ያለውን ጨርቅ በመዳፉ እየደባበሰ ሲያሳየን፣ እኛ ጫካ፣ ገደል፣ ወንዝ የምንለው ሁሉ ለእሱ ባዶ ጨርቅ መሆኑ ገባኝ። አገሩ አዝራሮቹ ናቸው።

«ጉማሬዎቹስ?» አለች ለተማርያም።

ቆርቆሮውን እስከ ሥሩ በረበረና አንድ ትልቅ ጥቁር የካፖርት አዝራር አወጣ። አሶሳ ውስጥ ካፖርት የሚለብስ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ያ አዝራር ለምን ተገዝቶ እንደነበር አንድዬ ይወቀው። ጨርቁ ጫፍ ላይ አስቀመጠው። ከአጠገቡ ደግሞ ትንሽዬ ቀይ።

«ይኼ ጁምዓ ነው። ታንኳ አለው። ያለ ጁምዓ እዚያ ወንዝ አይወረድም፤ ጉማሬው የት እንደሚወጣ እሱ ነው የሚያውቀው። የኔ ሰው ነው።»

«ደውለህለታል?»

«እዚያ ስልክ አይይዝም። ጁምዓ አይደወልለትም፣ ይኬድለታል።»

«ከቀበሌ ፈቃድ ምናምን አያስፈልግም?»

«ሊቀመንበሩ የአብዱልረሂም አማች ነው» አለ። ከዚህ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ አልነበረም። ለተማርያም ካርታዋን አጠፈች ልበል፣ ስልኳን ኪሷ ከተተች።

መኪናው የገመቺስ ነው፤ ቤቱ ባምባሲ፣ አፉ ደግሞ ምላጭ። የተስማማው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው። «ፀሐይ ሳትጠልቅ አስፋልት ላይ ካልሆንኩ፣ እዚያ ጥርጊያ ላይ በጨለማ አልነዳም። ጉማሬም ቢሆን አልነዳም፣ ሙሽራም ቢሆን አልነዳም።» ተስማማን። በማለዳ ተነሥተን እኩለ ቀን ሳይሆን ወንዙ ላይ እንደርሳለን፣ እናያለን፣ እንመለሳለን። እቅድ ማለት ይኸው ነው።

ባምባሲ ስንደርስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው። ኻሚስ ሳቂታው በር ላይ ቆሞ ከሩቅ እየሳቀ ጠበቀን። ውስጥ ገባን፤ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ሁሉም ተዘርግቷል።

«ቁርሱ እንዲህ ከሆነ ምሳው ምን ሊሆን ነው?» አልኩ።

«ምሳ ነው እንጂ» አለ ኻሚስ እየሳቀ። «ማህጁብ ምሳ ኻሚስ ጋ ነው ብሏል።»

በላን። ለተማርያምና እኔ ክርስቲያን በመሆናችን ሥጋቸውን እንደማንበላ ማህጁብ አስቀድሞ ተናግሮ፣ ኻሚስ ለኛ ሲል ዓሣ ከየት እንዳስመጣ ስሰማ እንዴት አልበላም ይባላል? ጠግበን ወጣን። አስፋልቱን ለቀን ትንሽ እንደሄድን ሼህ አይመን ከዛፍ ሥር ምንጣፍ አስነጥፈው ተቀምጠዋል። ገንፎ። ባሚያ። ዓሣ።

«ምሳችሁን ስጠብቅ ረፈደብኝ» አሉ ሼሁ።

ገመቺስ ማህጁብን አየው። ማህጁብ ዛፉን አየው።

ነገሩ መኪና ውስጥ ተገለጠ። የተከበሩ አቶ ማህጁብ ለእያንዳንዱ ሰዋቸው በየተራ ደውለው «ምሳ አንተ ጋ ነን» ብለዋል። ለሁሉም።

«እንዴት ለሁሉም ምሳ ትላለህ?» አለች ለተማርያም፣ የመቀመጫዋን ቀበቶ እያላላች።

«ለኻሚስ ቁርስ ብለው፣ ምሳ ለማን ሆነ ይላል። ቁርስ ለመንገደኛ ነው። እንግዳ ምሳ ነው የሚበላው። ማንን ነው መንገደኛ የማደርገው?»

«ስንት ምሳ ይቀረናል?» አለ ገመቺስ።

«አብዱልረሂም ብቻ» አለ ማህጁብ። ቀጥሎ ቀስ ብሎ፣ «እና የአብዱልረሂም እህት።»

«ወይኔ፣» አለች ለተማርያም፣ «ጉማሬውን ሳላይ ጉማሬ ሆኜ ልቀር ነው።»

እየሳቅን ሄድን፤ የእውነቴን ነው፣ ቀኑ እየሄደብን መሆኑን እያወቅን እንኳ መሳቅ አላቆምንም። ግን ከሼሁ ወዲያ መንገዱ ዝቅ እያለ ሲሄድ ሳቁ በራሱ ጊዜ ቀጠነ። ቀርከሃው ከግራም ከቀኝም ተጠግቶ ሰማዩን ዘጋው፤ ነፋስ ሲነካው ግንዱ ከግንዱ እየተጋጨ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ሰው እንደሚሄድ ያለ ድምፅ ያሰማል። ከቀርከሃው ስንወጣ ሸለቆው በአንዴ ተከፈተ። የተቃጠለ ሣር፣ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቆጠ አረንጓዴ፣ ከሥር ከሥሩ ጭጋግ የመሰለ ሙቀት፣ ከዚያ ወዲያ ጨለም ያለ የዛፍ መስመር። የከርከሮ ቤተሰብ ጭራውን አቁሞ መንገዱን ተሻገረ። ገመቺስ ሞተሩን አጠፋ፤ ማንም አጥፋ አላለውም። ምድር እንዲህ ሰፊ መሆኗን፣ እኔ የተወለድኩባት መሆኗን፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማሰብ አቃተኝ።

«ያ ዛፍ ሥር ዳቡስ ነው» አለ ማህጁብ። «ጁምዓ እዚያ ነው።»

አብዱልረሂም ቤት ስንደርስ ፀሐይዋ አናታችንን አልፋለች። ምሳው ቀርቧል። ማህጁብ ገና እጁን ሳይታጠብ፣ ቆሞ፣ «ጁምዓ እንዴት ነው? ታንኳው ደኅና ነው?» አለ።

አብዱልረሂም የእጅ መታጠቢያውን ማንቆርቆሪያ ይዞ ቀረ። ሚስቱን አየ። መልሶ ማህጁብን አየ።

«ጁምዓ እኮ ሞቷል፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ። ሁለት ክረምት አለፈው።»

ማንቆርቆሪያው ውኃ ሲያንጠባጥብ ይሰማል።

«ማን ነገረኝ?» አለ ማህጁብ።

«ወላሂ የምታውቅ መስሎን ነው። ሁላችንም። አንተ የማትሰማው ነገር አለ እንዴ? ኩርሙክ ከተማ ፍየል ሲወልድ ትሰማለህ። ማህጁብ ሰምቷል፣ መንገዱ ስለተዘጋ ነው ያልመጣው አልን። ከዚያ መንገዱ ተከፈተ፣ ምን እንበል? ማን ለማህጁብ ወሬ ይነግራል?»

«እኔ የምሰማው ሰው ሲነግረኝ ነው፣ ወንድሜ» አለ ማህጁብ።

እነሆ፣ የክልሉን ወሬ ሁሉ የሚያውቅ ሰው፣ ሁሉን ያውቃል ስለተባለ ብቻ የራሱን ሰው ሞት ሳይሰማ ከረመ። ኻሚስም ያውቅ ነበር። ሼህ አይመንም ያውቁ ነበር። ምሳ አብልተው ሸኙን፤ ወዴት ትሄዳላችሁ ማንም አላለም፤ ለቅሶ ሊደርስ ነው የመሰላቸው።

ገንፎውን ቀምሰን ተነሣን። አብዱልረሂም እህቱ ጋ ሮጦ ሄዶ ምሳውን አስቀረልን፤ ለዚህ ሲባል አልተቀየመችም። መኪናው ውስጥ መጀመሪያ የተናገረው ገመቺስ ነው፤ አፉ ምላጭ ቢሆንም እጁ መሪው ላይ ቀስ ብሎ ነበር።

«እንግዲህ ልንገራችሁ። ፀሐይዋን አይታችኋል። ወንዝ ዳር ወርደን ዓይተን ለመመለስ ይበቃል። ለቅሶ ቤት ገብተን ለመመለስም ይበቃል። ለሁለቱ አይበቃም።»

ማህጁብ ፊት ወንበር ላይ ነው። ዞር ብሎ ለተማርያምን አየ። ያን ዓይነት ፊት አይቼበት አላውቅም፤ ሰው የሌለው ሰው ፊት ነበር።

«ኡስታዛ፣ ወንዝ ሂዱ» አለ። «እኔን ለቅሶ ቤት ጣሉኝ። እናንተ ጉማሬ እዩ። ኡስታዛ ለዚህ ነው የመጣው።» (የማህጁብ አማርኛ ሴትና ወንድ ብዙም አይለይም፤ ለተማርያም ማረም ከተወች ቆይታለች።)

«ያለ ሰው ወንዝ አይወረድም አላልክም?»

«አብዱልረሂም ሰው ይሰጣችኋል።»

ለተማርያም ከመስኮቱ ውጭ ያንን የዛፍ መስመር ለረጅም ጊዜ አየችው። ስንት ዓመት በጠመኔ የሣለችው ነገር ከዚያ ሥር ነው ያለው። ከዚያ ከቦርሳዋ ነጠላዋን አውጥታ ራሷ ላይ ጣለች። «ለቅሶ ይቀድማል» አለች። «ገመቺስ፣ ንዳ።»

የጁምዓ ቤት ከወንዙ ብዙም አይርቅም። የቀርከሃ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን፣ ደጁ ላይ አሮጌ ታንኳ ተገልብጦ ዶሮዎች ሥሩ ገብተዋል። እህቱ ዓኢሻ ከውስጥ ወጣች። ማህጁብ እጁን ዘርግቶ ስሙን ተናገረ። ሴትየዋ ስሙን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ለተማርያምን ሴቶቹ ይዘዋት ገቡ። እኛ ወንዶቹ ውጭ ሰሌን ላይ ተቀመጥን፤ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ መዳፍ ተዘረጋ፣ ፋቲሓ ተቀራ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። በሁለት ክረምት የዘገየ ለቅሶ ምን ዓይነት ለቅሶ ነው ትሉኝ ይሆናል። እንደ ትኩስ ነው። ማህጁብ ሲያለቅስ ሌሎቹም እንደ አዲስ አለቀሱ።

በዚያ መሀል ነው የሰማሁት። ከዛፎቹ ጀርባ፣ ከታች፣ አንድ ግዙፍ ነገር በአፍንጫው ውኃ ነፋ። ቀጥሎ ሌላው መለሰለት፤ ከደረት ሥር የሚወጣ፣ ሽማግሌዎች በራሳቸው ቀልድ እንደሚስቁት ያለ፣ ረጅም፣ እየተቆራረጠ የሚወርድ ድምፅ። መሬቱ በተቀመጥኩበት ሲነዝር የተሰማኝ መሰለኝ። ጉማሬዎቹ እዚያው ናቸው። በእግር ጥቂት ነው። ለቅሶ ቤት ግን ሳይሰናበቱ አይወጣም። ሴቶቹ ካሉበት ውስጥ ለተማርያምም እንደምትሰማ አውቅ ነበር። ፀሐይዋ ስትወርድ፣ የዛፉ ጥላ ሰሌኑን አልፎ ሲሄድ፣ ከውስጥ የሷ ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ ተሰማ። «እግዜር ያጽናሽ፣ እናቴ።» «አሚን» አለ የዓኢሻ ድምፅ።

ገመቺስ ፀሐይዋን አየ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ እግሩን ሰሌኑ ላይ ዘረጋ። ዛሬ አስፋልት እንደማያይ ለራሱ ነግሮታል ማለት ነው።

ዓኢሻ መጥታ ከማህጁብ ፊት ቁጢጥ አለች። አማርኛ የምትናገረው እየሰባበረች ነው፤ ይመስለኛል እኔ እንድሰማው ብላ ነው በአማርኛ ያደረገችው።

«ጁምዓ ታመመ። መንገድ ተዘጋ። እዚህ ሐኪም የለም። ጁምዓ አሶሳ ልሂድ አለ። እኛ አሶሳ ማን ያውቅሃል አልን። ማህጁብ አለልኝ፣ አለ። ማህጁብ ጋ ብደርስ ኸላስ፣ በቃ፣ ዳንኩ፣ አለ።»

በአገሩ ሁሉ ሰው ያለው ማህጁብ፣ እሱ ራሱ የአንዱ ሰው መሆኑን እንዲህ ባለ ቦታ ሰማ። ዓኢሻ እጁን ይዛ ቆየች። ከዚያ ከኋላዋ ወደ ቆመችው ለተማርያም ዞረች። ከነጠላው ሥር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው የአቅርቦ ማያ መነጽር ገመድ ይታይ ነበር።

«ይኼ ልጅ አንገቱ ላይ ያለው ለወንዝ ነው፤ ዓይቼዋለሁ» አለች። «አልጠየቀኝም። ተነሡ። አሁን ነው የሚወጡት። ቀን ብትመጡ አፍንጫ ብቻ ነበር የምታዩት።»

ተከተልናት። ዛፎቹ ሥር ገባን፤ አየሩ ቀዘቀዘ፣ ጭቃ ጭቃ፣ የበሰለ ሣር ሣር ይሸታል። አንድ ቦታ እጇን ዘርግታ አቆመችን። ከፊታችን መሬቱ ላይ እንደ ጋሪ ጎዳና የተቦደሰ መንገድ ከውኃው ወደ ሣሩ ይወጣል። «ይኼ የነሱ ነው። እኛ እዚህ።»

ዳቡስ እዚያ ላይ ሰፍቶ፣ ቀስ ብሎ፣ የማታውን ሰማይ ተሸክሞ ተኝቷል። በድልድይ ላይ የማውቀው ወንዝ አይደለም። ውኃው መሀል ድንጋይ የመሰሉኝ ነገሮች ነበሩ። አንደኛው ድንጋይ ጆሮውን አርገበገበ። ለተማርያም ክንዴን ያዘች፤ ጥፍሯ ገባ። ከዚያ ድንጋዩ ተነሣ። ሌላ ቃል የለኝም፤ ወንዙ ራሱ የቆመ ነበር የሚመስለው። ውኃው ከጀርባው እንደ ጨርቅ እየተንሸራተተ ወረደ፣ ደረቱ ወጣ፣ ሆዱ ወጣ፣ ያ ሁሉ ክብደት በዚያ አጭር እግር ላይ ያለ ምንም ድምፅ ዳገቱን ወጣ። ቆዳው በማታው ብርሃን ወይን ጠጅ ይመስላል። ከኋላው ሌላ። ከዚያ ሌላ፤ ከጎኗ የተለጠፈ ግልገል አለ፣ እናቱ ስትቆም ይቆማል፣ ስትራመድ ይሮጣል። ያ ፍጥረት ሁሉ አጠገባችን ሲያልፍ የሚሰማው ትንፋሹ ብቻ ነበር። ገመቺስ፣ ያ አፈኛ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ በኦሮምኛ ጸለየ። ለተማርያም አቅርቦ ማያው ደረቷ ላይ ተንጠልጥሎ ትዝም አላላትም። እንባዋ ይወርዳል፣ ትስቃለች፣ ሁለቱም ያለ ድምፅ። «ትንሽ ነው፣» አለች በሹክሹክታ፣ «ጆሮው እውነትም ትንሽ ነው።»

ይህን ለማህጁብ ልነግረው ዞር አልኩ። ከጎኔ የለም።

ከኋላችን፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር፣ ጀርባውን ለወንዙ፣ ፊቱን ለጁምዓ ቤት ሰጥቶ ተቀምጧል። ወደሱ ተመለስኩ።

«ኡስታዛ አየ?» አለኝ።

«አየች። እያየች ነው። አንተስ? ና እንጂ፣ ከነግልገላቸው ወጥተዋል።»

«እናንተ እዩ» አለ። «እኔ ጁምዓ ጋ ነኝ።»

ዕድሜዬን ሙሉ በመስኮት ያለፍኩት ወንዝ ከኋላዬ ነበር። ብርሃኑ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል፤ እንዲህ ያለ ማታ ዳግመኛ ስለማግኘቴ ዋስትና የለኝም። ጥቂት እርምጃ ተመልሼ፣ ቆሜ፣ እስኪጨልም ማየት እችል ነበር። ማንም አይወቅሰኝም፤ ማህጁብማ ጭራሽ አይወቅሰኝም።

ጀርባዬን ለዳቡስ ሰጥቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

«እስቲ ንገረኝ፣» አልኩት፣ «ጁምዓ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ከኋላችን ጉማሬዎቹ መጋጥ ጀመሩ፤ ሣሩ ከሥሩ ሲነቀል፣ ሲታኘክ፣ አንዱ ሲተነፍስ በግልጽ ይሰማል። ማህጁብ ጉሮሮውን ጠራርጎ ከመጀመሪያው ጀመረ። እኔም አልዞርኩም።